የኖራ ሠሪው አውራ ጣት

ኒባሮን ስልክ ያወጣው በሬሳ ጣት ነው። በሻሙክጋንጅ ገበያ የሚወራው እንዲህ ነው። መቃብር ቆፍሮ፣ ከአንድ ምስኪን ሟች እጅ አውራ ጣቱን ቆርጦ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ወሰደና የኩባንያው ማሽን ላይ አስነካው፤ ማሽኑም እንደ አማች ተቀበለው ይባላል። ዓሣ ሻጮቹ ደግሞ ወሬ ያለ ቅመም አይወዱምና፣ ጣቱ በጨው ታሽቶ እስከ ዛሬ ከጣሪያው ሥር እንደተንጠለጠለ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲልም እንደሚወራጭ ይጨምሩበታል።

ወሬው ጥሩ ወሬ ነው። ጉድለቱ ሬሳ የሌለው መሆኑ ነው። በዚያ ወር ሻሙክጋንጅ ውስጥ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሽማግሌው የጀልባ አሻጋሪ። ሲገነዝ አርባ ሰው ቆሞ አይቶታል፤ አሥሩም ጣቶቹ በየቦታቸው ነበሩ፤ እንዲያውም አንዱ «አሥራ አንድ ናቸው» ብሎ ሊደባደብ ነበር። ሌላው ጉድለት ራሱ ኒባሮን ነው። ኒባሮን መቃብር ይቆፍራል ማለት ዶሮ ቀበሮ ቤት ልትሰርቅ ገባች እንደ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲያቃጥል የኖረ፣ በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ መንገድ ላይ ሲያገኝ ግን ዞሮ የሚያልፍ ሰው ነው። ደመና ይፈራል። ዳክዬ ይፈራል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካየማ ብርክ ይይዘዋል።

እውነቱ የሚጀምረው ከራሱ ጣት ነው።

ኒባሮን ኖራ ሠሪ ነው፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት። ቅርፊቱን በእቶን ያቃጥላል፣ በውሃ ያበርዳል፣ ቅቤ እስኪመስል ድረስ በእጁ ያሸዋል። ሻሙክጋንጅ ጠዋት ተነስታ የምታኝከው ፓን፣ ኖራ የሚቀባው የቅጠል ጉርሻ፣ ያለዚያ ኖራ ተራ ቅጠል ነው፤ ፍየል ይብላው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራ ውስጥ የኖረ እጅ ታዲያ ምን ይሆናል? የኒባሮን አውራ ጣቶች እንደ ወንዝ ጠጠር ለሰለሱ። መስመር የሚባል ነገር አልቀረባቸውም። ድሮ ለመታወቂያ አንዴ አሻራ ከሰጠ ወዲህ ግን «እስቲ መስመርህን አሳየኝ» ያለው ሰው ስላልነበረ ጉዳዩን አላወቀም።

ልጁ ሺውሊ ዮርዳኖስ አገር ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። የእረፍት ቀኗ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ዓርብ «ቻቻ» እያለች እንደ አጎት በምትጠራው በልብስ ሰፊው በቶራብ ስልክ ትደውላለች። የቶራብ ስልክ የሚሠራው ላውድ ላይ፣ ለሰው ሁሉ እያሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሺውሊ ስትደውል የስፌቱ መኪና ዝም ይላል፣ መቀሱ ዝም ይላል፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር ልኬት ሊለኩ የሚመጡ፣ ልብስ ግን አሰፍተው የማያውቁ ሰባት ሰዎችም ዝም ይላሉ።

በአንዱ ዓርብ የልጅቱ ድምፅ ተለወጠ።

«ባባ፣ የምነግርህ ነገር አለ። በዚህ ስልክ ግን አይሆንም።»

«ምን ሆንሽ?»

«የራስህን ስልክ አውጣ። የሚመጣውን ዓርብ ሥራ እገባለሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ዓርብ ቶራብ ቻቻ ጋ እደውልና ቁጥርህን እቀበላለሁ።»

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ?»

«በራስህ ስልክ አልኩህ እኮ።» ተዘጋ።

ቶራብ ከልቡ አዘነ፤ ታላቅ ወንድሙን እንደሚያናግር ሆኖ። «ምን ማለቷ ነው ኒባሮን ዳዳ? እኛ ምን ባዕድ አለን እዚህ?» አለ፤ ሰባቱም «ምን ባዕድ አለ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኒባሮን ግን ክው ብሎ ቀርቶ ነበር። ቤቱ እስኪደርስ ልጁን ስድስት ጊዜ ገድሎ ሦስት ጊዜ አስሯታል። መርፌ እጇን በስቶት ይሆን? አሠሪው ወረቀቷን ነጥቆ ቆልፎባት ይሆን? ታማ ይሆን? ሌላም ነገር ነበረ፤ ቶራብ ከዚያች ዓርብ ማግስት ሱቁን ነቅሎ ወደ ኩልና ከተማ ሊሄድ ነው። የሺውሊ ድምፅ ከዚያ ወዲያ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ሚስቱ ሹሮባላ ነገሩን ሰምታ ትንሽ አሰበች። «የሺውሊ አባት፣ ሒድና ስልክ አውጣ» አለችው። «እዚህ ቁጭ ብለህ ብትንቀጠቀጥ ስልክ አይበቅልም።»

ገበያው መሐል ሁለት ጃንጥላዎች አሉ። ብርቱካናማው የጆናኪ ኩባንያ ነው፤ ሥሩ የተቀመጠው ሞንቱ የሚባል፣ ለሚያልፍ በሬ እንኳ ስልክ ካልሸጥኩ የሚል ጎረምሳ ነው። አረንጓዴው የሻሊክ ኩባንያ ነው፤ ሥሩ ዶሊ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተቀምጣለች። ከሁለቱም ዘንድ ሲም ካርድ ያወጣ ቀፎ አብሮ ይሰጠዋል፤ ቀፎው ግን የሌላውን ኩባንያ ሲም አይቀበልም። አንዴ የመረጠ መረጠ። ሻሙክጋንጅ ውስጥ በዚህ ምክንያት የተፋረሰ ጋብቻ አለ ይባላል።

«ኑ ጄታ» አለ ሞንቱ፤ የአባቱን ታላቅ ወንድም የሚጠራ ይመስል። «የጆናኪ ቀፎ ፎቶ ያነሳል፣ ፊልም ያሳያል፣ ልጅዎን እዚህ እፊትዎ ያቀርባታል። የዚያች ጃንጥላ ቀፎ እኮ ለሚስማር መምቻ ነው የሚሆን።»

«ሚስማርም ይመታል፣ ይደውላልም» አለች ዶሊ ቀና ሳትል። «ያንተው ፎቶ ያነሳና ለመደወል ሲሉት ይደክመዋል።»

ኒባሮን የሞንቱን ቀፎ ተቀበለ። ቁልፍ የሚባል የለውም፤ መስታወት ብቻ ነው።

«ይንኩት» አለ ሞንቱ።

«ነክቼዋለሁ።»

«ይንኩት እንጂ።»

«ነካሁት እኮ ልጄ።»

መስታወቱ ጨለማ እንደሆነ ቀረ። ኒባሮን በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ በሌባ ጣቱ ሞከረ። በዚህ መሐል አንዲት ዝንብ መጥታ መስታወቱ ላይ አረፈች፤ ስልኩ በርቶ ወደ ቺታጎንግ ከተማ ደወለ። ኒባሮን ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው። ዝንብ ሰው ሆና እሱ ምንም ሆነ ማለት ነው።

«ቀፎው ይቆይ፣ ሲም ያለ አሻራ አይወጣምና አሻራዎን እንይ» አለ ሞንቱና ትንሿን ማሽን አቀረበ። ቀኝ አውራ ጣት፦ ቀይ መብራት። ግራ አውራ ጣት፦ ቀይ መብራት።

«ማሽኑ እኚህ ሰው የሉም እያለ ነው» አለ ሞንቱ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

ኒባሮን ወደ አረንጓዴው ጃንጥላ ተሻገረ። ዶሊ ጣቶቹን በጨርቅ ጠርጋ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ቀይ። ቀይ።

«ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች።

«ሁለት እዚያ፣ ሁለት እዚህ።»

«የሁለታችንም ማሽን የሚያየው አንድ መዝገብ ነው ጄታ። አምስተኛው እምቢ ካለ ስምዎ ይቆለፋል። ለማስከፈት ዋናው ከተማ ዳካ ድረስ መሄድ ነው።»

ሞንቱ ከማዶ ሆኖ አጋነነው። «ጣታቸውን የሚፍቁ እኮ ሽፍቶች ናቸው። የስንት ዓመት ሽፍታ ኖሯል ከመሐላችን።»

ሰዉ ሳቀ። ኒባሮን አልሳቀም። ሽፍታ፣ መዝገብ፣ ዳካ፤ ሦስቱ ቃላት እንደ ሦስት ውሻ ያባርሩት ጀመር። ተነስቶ ሊሮጥ ሲል ዶሊ የእጅጌውን ጫፍ ያዘችው።

«እጅዎ ምን ይሠራል?»

«ኖራ።»

«እናቴ የሽሪምፕ ቅርፊት ትልጥ ነበር፣ ፋብሪካ። የእሷም እንዲህ ሆኖ ነበር። መስመሩ አልሞተም፣ ተደብቋል። አሥራ ሁለት ቀን ኖራ አይንኩ፤ ሰናፍጭ ዘይት ይቀቡትና በጨርቅ ይጠቅልሉት። ከዚያ ይምጡ። አንድ ዕድል ቀርቶናል።»

ኒባሮን ቤቱ ገባ። የሹሮባላም እጅ ኖራውን ሲያጠልል የኖረ ነውና ከእሱ የባሰ ልሙጥ ነበር፤ ሌላ ጣት ቤታቸው ውስጥ የለም። ሁለቱንም እጆቹን በዘይትና በአሮጌ ሳሪ ቁራጭ ጠቀለለችለት፤ ጎመን ተሸክሞ የሚዞር መሰለ። ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ዝንብ ታባርርለታለች። እቶኑ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ሻሙክጋንጅ ውስጥ ኖራ አለቀ።

ወገኖቼ፣ ሀራራ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በአራተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ራስ ግማሹን ላጭቶ ተወው። በአምስተኛው ቀን ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጃንጥላ ጥላ ተካሰሱ። በሰባተኛው ቀን የገበያው ሽማግሌዎች በፓን ሻጩ በጎፑር መሪነት፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ከኒባሮን ደጃፍ ቆሙ።

«ኒባሮን፣ አንድ ማሰሮ ብቻ» አለ ጎፑር።

«አልችልም ዳዳ።» ኒባሮን ከበሩ ኋላ ነበር።

«በእግርህ እሸው።»

«በእግሩ የታሸ አፍህ ውስጥ ልትከት ነው?» አለች ሹሮባላ።

«እኔ አሁን በበሬ ጅራት ቢታሽም እበላዋለሁ» አለ ጎፑር፤ ቀልዱ አልነበረም። «ለመሆኑ እዚያ ጥቅልል ውስጥ ምን ደብቆ ነው?»

«ጣቱን ነዋ።»

«የማንን ጣት?»

ይቺ ናት እንግዲህ። የሬሳው ወሬ የተወለደው እዚህች በር ላይ፣ በሀራራ ከደረቀ ምላስ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያውን ዞረ።

ኒባሮን የተባለውን ሰማ፤ ይኸኛው ፍርሃት ከሌሎቹ ላይ ተደረበ። ፖሊስ ቢመጣስ? ጥቅልሉን ፈትቶ ጣቱ የማን እንደሆነ ቢጠይቀው ምን ማስረጃ አለው? መዝገቡ እንኳ አያውቀውም። ሺውሊስ ምን ሆና ይሆን? ምሳ ሲያጎርሱት ይህን ያስባል።

ዓርብ ጠዋት ሹሮባላ ጥቅልሉን ፈታች። ሁለቱም ጣቶቹን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩአቸው። የሆነ ነገር ያለ ይመስላል፤ የሌለም ይመስላል።

ገበያው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ጠበቃቸው። ሞንቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ መስታወቱን ቀፎ ከፍ አድርጎ፣ «ጄታ፣ ዝንብ እንዳትቀድምዎ» ብሎ ተጣራ። ኒባሮን አልፎት ሄደ። ሲመርጥ ስለ ኔትወርክ አላሰበም፣ ስለ ፎቶም አላሰበም። የሚፈልገው ሲጫኑት መጫኑን የሚያውቅ ዕቃ ነበር። ከዶሊ ጃንጥላ ሥር ያለው ቀፎ ሸክላ የሚያህል፣ ቁልፎቹ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ነው። አንዱን ተጫነው። ጢት አለ። እንባው መጣ።

«አሁን ጣት» አለች ዶሊ። «አንዱን ይምረጡ። የቀረን አንድ ነው።»

ቀኙን አነሳ። መለሰው። ግራውን አነሳ። ዳካ፣ መዝገብ፣ ሽፍታ። ቀኙን ደግሞ አነሳ።

«ግራህን ስጣት» አለች ሹሮባላ። «በቀኝህ ታሻለህ፣ በግራህ ማሰሮውን ብቻ ነው የምትይዝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ።»

ግራውን ሰጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ማሽኑ አሰበ። ያን ያህል ያሰበ ማሽን ታይቶ አይታወቅም፤ በዚያ መሐል አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላ ተነሳች።

«አረንጓዴ» አለች ዶሊ።

ኒባሮን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጎፑር ሁለት እጁን ዘርግቶ «አሁን ኖራ» አለ።

ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ለቶራብ ተሰጠ። ኒባሮን ቤቱ ግቢ፣ ከጃክፍሩቱ ዛፍ ሥር ማሰሮ ገልብጦ ቀፎውን ላዩ አስቀመጠና አሥር እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ከአጥሩ ውጭ የገበያው ሰዎች ቆመው ነበር፤ ኖራውን እየጠበቅን ነው ብለው።

ስልኩ ጮኸ። የሻሊክ ቀፎ ሲጮህ ሰምታችሁ ከሆነ አለማጋነኔን ታውቃላችሁ፤ ዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ዘለው እስከ ማታ አልወጡም። ሹሮባላ ገፋችው፤ ሄዶ ትልቁን ቁልፍ ተጫነ።

«ባባ?» አለች ሺውሊ፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ ከወንዙ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ኒባሮን የሚቀንሰውን ቁልፍ ፈለገ፣ አላገኘውም።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ንገሪኝ፣ ምንም ይሁን።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ» አለ፤ ከአጥሩ በላይ አርባ ራሶች ነበሩ።

«ውሌ አልቋል። ልመጣ ነው። ኦግሮሃዮን ወር ላይ፣ ሩዙ ሲታጨድ እቤት ነኝ። በራስህ ስልክ ያልኩህ ቶራብ ሱቅ እንዳይሰማ ብዬ ነው፤ ከሰሙ የገበያው ሰው ሁሉ ስልክ አምጪልኝ ይላል። ባለፈው የመጣችው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ቀፎ ተሸክማ ነው የመጣች።»

ኒባሮን ከማሰሮው ጎን ተቀመጠ። አሥራ አራት ቀን የተሸከመው ነገር ከጀርባው ሲወርድ ወገቡ ጠፍቶት ነበር። ሹሮባላ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«ለኔ ባለ ሁለት ሲም» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ።

«ማነው እሱ?»

«ማንም የለም። ነፋስ ነው።»

ሺውሊ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባባ፣ ቶራብ ቻቻ ቁጥሩን ሲሰጠኝ የነገረኝ ነገር አለ። አባትሽ ይህን ስልክ በሞተ ሰው ጣት ነው ያወጣው አለኝ። መቃብር ቆፍሮ፣ ቆርጦ።»

አጥሩ ላይ ያሉት አርባ ራሶች ወደ ፊት ዘመም አሉ።

ኒባሮን ቀፎውን አፉ ድረስ አነሳው።

«ውሸት ነው» አለ። «ሬሳ የለም። መቃብር አልቆፈርኩም፣ ምንም አልቆረጥኩም። ጣቱ የኔ ነው፤ የግራው።»