ግራ ጭን፣ ሃምሳ አንድ

ባለፈው ሳምንት አምስት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ነበር። ክንዴ ላይ፣ ከብብቴ ዝቅ ብሎ፣ የሎሚ ያህል እብጠት አለ። ስለማያመኝ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ብትሆን የማይገርም ወጣት ናት። ዳበስ ዳበስ አድርጋ ካየችው በኋላ ከመሳቢያዋ ሜትር አወጣች፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የኖርኩትን ዓይነት ሜትር። ለካችና፣ "መቼ ነው መጀመሪያ ያዩት፣ እማማ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄ ዋሽቼበታለሁ።

ያደግኩት ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አክስቴ እትዬ ዘነበች ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ልብስ ስፌት፣ ከጀርባው መኖሪያ ነበር። ቤቱ አሁን ፈርሶ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። በላዩ ሳልፍ አላዝንም። እትዬ ዘነበች ወላጆቼ ሲሞቱ አንስታ አሳደገችኝ፤ ይህንኑም በየሳምንቱ፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር ታስታውሰኝ ነበር። በሕይወት ሳለች አንቱ ነበር የምላት፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጇ ሰናይት ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። በዕድሜ የምበልጣት በአንድ ዓመት ነው። ዩኒፎርሟን የምሰፋላትም እኔ ነበርኩ። ሰው ስለ አክስቴ ሲጠይቀኝ፣ "ልጇን በወጌሻ እጅ አስገደለች" እላለሁ። እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን የቀረ አለው።

ያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ጭኑ የጠበበ፣ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪ ፋሽን ነበር። መስከረም ላይ ሰናይት እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። እንዲህ ለሚጠብ ሱሪ ጥሩ ልብስ ሰፊ አንዱን ጭን ለክቶ አይተውም። ቀኙ አርባ ስምንት፣ ግራው ሃምሳ አንድ መጣ። ደግሜ ለካሁ።

"ግራሽ አብጧል እኮ።"

"የምዘልበት እግር ስለሆነ ነው። አያመኝም።" ለትምህርት ቤቷ መረብ ኳስ ትጫወት ነበር።

"ለእትዬ እንንገራቸው።"

"አበድሽ እንዴ? ከቡድኑ ታስወጣኛለች። ይልቅ አሳምረሽ ስፊልኝ። የሰው ጉድ መሸፈን አይደል ሥራሽ?"

ሳቀች። ወርዳ ሁለት ቦምቦሊኖ ገዝታ መጣችና አንዱን ሰጠችኝ። ከነትኩሳቱ በላሁት፤ ስኳሩን ከጣቴ ላይ ላስኩ። ከዚያ የሱሪውን ግራ እግር ከውስጥ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር አስፍቼ ቆረጥኩ። ስትለብሰው ምንም አያስታውቅም። በእጄ ካለፈ ሥራ ሁሉ እንደሱ የተዋጣልኝ የለም።

ኅዳር ላይ ስፌቱን ፈትቼ እንደገና አሰፋሁት። ሃምሳ አራት። ለገና ሃምሳ ሰባት ሆነ። ሁሉንም በልኬት ደብተሬ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ቁጥሩ እያደገ መሆኑን በዓለም ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህም በድብቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሁሉ ለሞላላት ልጅ አንድ የጎደላት ነገር ተገኘ፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በጥምቀት ማግስት ሰናይት የቤታችን የፊት ደረጃ ላይ ወደቀች። እናቷ ልታሽላት ቀሚሷን ስትገልጥ ጭኗን አየችና ጮኸች። ጎረቤታችን አስተማሪዋ ሮጣ መጣች። ጸሎተኛ፣ ነገር የምታመዛዝን ሴት ነበረች።

"ይሄ ከመውደቋ በፊት ከነበረ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ ዘነበች" አለች።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ አይደለሽ የምትለኪያት? ነበረ?"

ሰናይት ዓይኗን ጣለችብኝ። አክስቴም እያየችኝ ነው። አዎ ብል ቀጥሎ የሚመጣው፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ የሚለው ነው፤ ከዚያ ደግሞ ጎዳና።

"አልነበረም፣ እትዬ። ደህና ነበረች።"

ከመውደቅ የመጣ ነው ተባለ፤ ስለዚህ ወጌሻ ጋ ሄድን። ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት፣ በየሁለት ቀኑ ደግፌ የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ወጌሻው ክፉ ሰው አልነበረም። "ስብራት የለውም፤ ደም ቋጥሯል" እያለ በዘይት ያሻታል። እሷ ነጠላዋን ነክሳ ትንሰቀሰቃለች፤ እኔ ትከሻዋን እይዛለሁ። ዐቢይ ጾም ሙሉ እንዲህ አለፈ።

ከፋሲካ በኋላ ሆስፒታል ገባች። እግሯ ተቆረጠ። ልጠይቃት ስሄድ ብርድ ልብሱን ገልጣ አሳየችኝ።

"ከእንግዲህ አንድ ጭን ብቻ ነው የምትለኪው" አለችኝ። "ሥራ ቀለለልሽ።"

እሷም እንደኔ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። በሽታው ሳንባዋ ደርሶ ኖሮ፣ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ቀበርናት። እትዬ ዘነበች እስክትሞት ድረስ ለቅሶ ለመጣውም ላልመጣውም፣ "ያ ደረጃ ገደለብኝ" ስትል ኖረች። ከዚያ ወዲህ ያን ደረጃ ረግጣው አታውቅም፤ በጓሮ ዞራ ነበር የምትገባው። እኔም ስትዞር አያት ነበር።

ሐኪሟን የራሴን ትቼ የሰናይትን ጠየቅኳት፤ የአንዲት የማውቃት ልጅ ብዬ። ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከጅማት፣ ከደም ሥር ይነሣል፤ ሕፃንም አዋቂም አይመርጥም። መውደቅ አያመጣውም፤ የነበረውን ያሳያል እንጂ። ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል። እብጠት እያደገ ከሄደ መታየት አለበት እንጂ መታሸት የለበትም።

"ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳለ ብትመጣስ ኖሮ?"

"የዚያን ጊዜውን ሕክምና አላውቅም፣ እማማ" አለች። "ግን ትንሽ ሳለ መምጣት ሁልጊዜ ይሻላል።"

ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላጽናናችኝም፤ ደግ አደረገች። የእኔም ምን እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል ተብያለሁ። እስክሪብቶዋን አነሣችና መቼ ነው መጀመሪያ ያዩት የሚለውን ጥያቄ ደገመችልኝ።

"በመስከረም" አልኳት። "ክንዴ ሃያ ስምንት ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ለገና ሠላሳ ገባ። አሁን ሠላሳ አንድ ነው።"

እስክሪብቶዋ ቆመ። "በምን አወቁ?"

የቀሚሴን እጅጌ ገልብጬ የውስጡን ስፌት አሳየኋት። ሁለት ጊዜ ፈትቼ አስፍቼዋለሁ። የድሮው መርፌ የወጋበት ቀዳዳ በተርታ ይታያል።