በመስታወት ውስጥ ያለው ጃንጥላ

ልጄ ወደ ቪየና ከሄደች ጀምሮ አንድ ስለት ነበረብኝ። ሞጣ፣ እሷ ክርስትና በተነሣችበት የእመቤታችን ደብር ቆሜ፣ «ልጄን በዓይነ ሥጋ ካሳየሽኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» ብዬ ነበር። የት እንደማያት አልተናገርሁም። እዚያው ግቢ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትሳለም ይታየኝ ስለነበር መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ፈቃድ የለም፤ አንድ ጊዜ መንገዱ ሰላም አይደለም፤ ሌላ ጊዜ የምትጦራቸውን አረጋውያን የሚይዝላት ሰው ይጠፋል። በመጨረሻ እኔኑ ወሰደችኝ። ከብቸና ወጥቼ ዓባይን ስሻገር፣ ትመጣበታለች ያልሁትን መንገድ እኔ ሄድሁበት አልሁ በልቤ።

በዕረፍት ቀኗ የቀድሞ ነገሥታት ይኖሩበት ወደነበረው ቤተ መንግሥት ወሰደችኝ። ፍልሰታ ስለነበር ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። አንዱ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ስንደርስ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እማ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም።»

«ጣሪያው ላይ መላእክት ተሥለዋል።»

«ለጌጥ ነው።»

መልአክ ለጌጥ! ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ገባሁ።

ወርቁና መብራቱ ዓይኔን አልያዘውም። አንድ ክፍል ውስጥ ግን የንጉሡን አልጋ አየሁ። ተራ የብረት አልጋ ነው። አጠገቡ ተንበርክኮ የሚጸልይበት እንጨት አለ። ነፍሱን ይማር ብዬ አማተብሁ።

ቀጥሎ ባለው ክፍል የንግሥቲቱ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ጓንት፣ ማራገቢያ፣ ከነሱ መሀል ጃንጥላ። ነጭ ሐር ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ዘርፍ አለው። ቆምሁ።

«የማን ስለት ነው?» አልኋት።

ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ኧረ እማ! ፀሐይ እንዳያገኛት የምትይዘው ነው።»

«ለፀሐይማ ቢሆን አልቆ ነበር። እንዲህ የሚቀመጠው የተሰጠ ዕቃ ነው።»

«ማን የሰጠው?»

«እኔ ምን አውቄ። ልጅ የራቃት ትሆናለች።»

ሳቋ ቆመ። ስለቴን ታውቃለች፤ በስልክ ባወራን ቁጥር «ጃንጥላሽን ብል በላው እንዴ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን እንታያለን፤ እሷ ከኔ ረዝማለች። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዓይነ ሥጋ አይቻታለሁ። የለመንሁት ተሰጥቶኛል። የቀረው የእኔ ነው።

እሷም ገብቷት ኖሯል። «እማ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እስክመጣ ቆዪልኝ። አብረን እናስገባዋለን።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

መስታወቱን በጣቷ ነካ ስታደርገው ጠባቂው እንዳትነካ በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ስለት አይቆይም፣ ልጄ። እመብርሃን ሰምታኛለች። አልሰማሽኝም እንዴት እላታለሁ?»

ወጥተን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ያለው የዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ነው። «ተዪው፣ ጃንጥላው አዲስ አበባ ይገኛል። ዘርፉን አንቺ ምረጪ» አልኋት። ክርና ጥልፍ ከሚሸጥበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ወስዳ፣ አንዱን አንሥታ አንዱን እየጣለች፣ ወርቃማውን መረጠች።

ተመልሼ ብቸና ስገባ ዘርፉን በጃንጥላው ዙሪያ በእጄ ሰፋሁት። ለኅዳር ጽዮን ሞጣ ወሰድሁት። ቄሱ ዘርግተው ከፍ አደረጉትና ለሕዝቡ ተናገሩ፦ «ልጄን በዓይነ ሥጋ ካየሁ ብላ ተስላ፣ አይታ ያመጣችው ነው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልሁ፤ ከልቤ ነው፣ ተመስገን። ወርቃማው ዘርፍ በነፋሱ ይወዛወዛል።

አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የታለች?» አለችና በዓይኗ ትፈልጋት ጀመር።

እኔም አብሬያት ወደ ደጀ ሰላሙ ዞርሁ።