ለምርመራ የጾምኩት ጾም

እግሬ አርፎ አያውቅም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ወር ፍኖተ ሰላም ሴቷ ልጄ ዘንድ፣ አንድ ወር ቡሬ ወንዱ ልጄ ዘንድ፣ በመሐል ደግሞ ገጠር የቀረችውን እህቴን እያየሁ እኖራለሁ። ልጆቼ «እሷኮ የጋሪ ፈረስ ናት» ይሉኛል። ስድቡን እወደዋለሁ።

ሐኪም ቤት «ስኳር አለብዎት» ያሉኝ ጊዜ ብዙም አልደነገጥኩ። የደነገጥኩት በግራ እግሬ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችው ቁስል አልድን ስትል ነው። የምስር ፍሬ ብታህል ነው። አታመኝም፤ የሚያስፈራኝም አለማመሟ ነበር። የእህቴ ጎረቤት እንዲህ ያለች ቁስል ይዛ ባሕር ዳር ሄዳ በአንድ እግሯ ተመለሰች። አሁን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እየጠራች ታወራለች፤ እኔ ስመጣ ግን የምታየው እግሬን ነው።

ነርሷ ነገሩን ቀለል አድርጋ ነበር የነገረችኝ። እንጀራው ግማሽ ይሁን፣ ጎመንና ምስሩ ይብዛ፣ ጠላና ማር ይቅር፣ ሰውነትዎም ትንሽ ይቀንስ አለችኝ። ፍኖተ ሰላም ያለችው ልጄ ጨካኝ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ግማሹን አቅርባ ሌላውን ከፊቴ ታነሣለች። አንድ ወር ሳይሞላ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ቁስሏም የጠበበች መሰለኝ።

ነገር የተበላሸው ቡሬ ስሻገር ነው። የልጄ ሚስት ደግ ናት፤ የጎዳኝም ደግነቷ። በር ላይ እንዳየችኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማዬ! ምነው እንዲህ አለቁ?»

«አላለቅሁም ልጄ፤ ቀንሱ ብለውኝ ነው።»

«ይሁን፤ ዛሬን ብቻ ይብሉልኝ። አፈር ስሆን!»

ያ «ዛሬ» ሁለት ሳምንት ሆነ። መጀመሪያማ እምቢ ልል ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ግን አፏ የማያርፍ ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ ሆና «አንቺ፣ አማትሽን ምን እያበላሽ ነው? የኛ በግ እኮ ከሳቸው ይሻላል!» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ለሳቅ ያለችው ነው። ምራቴም ስቃ መለሰችላት። ስትገባ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በኛ አገር አማት ሲከሳ የሚጠፋው የምራት ስም ነው። እኔም በላሁ። ገንፎውን ከነቅቤው፣ ጠላውን፣ ያን ሰሞን ማር ተቆርጦ ነበርና ማሩንም። እየበላሁ እግሬን ከቀሚሴ ሥር እደብቀዋለሁ፤ ከማን እንደምደብቀው እንጃ።

ቀጠሮዬ ሲደርስ ጭንቅ ያዘኝ። ነርሷ ምን ትለኛለች? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው በደል በጾም እንደሚቀል ነው። በስቅለት ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አክፍዬ አድራለሁ፤ ለደም ምርመራማ ምን ይከብደኛል አልኩ። ግን ለምራቴ ምን ልበላት?

«ስእለት አለብኝ» አልኳት።

ምላሴ ከበደኝ። ቢሆንም ያቺ ቃል ሠራች። አፈር ስሆን የለ፣ በሞቴ የለ፤ መሶቡን አንሥታ ወጣች። ስእለት ላይ ማን ይጨቃጨቃል?

ሁለት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመስኩም። የስኳር ኪኒኔን ግን አላስታጎልኩም፤ ይህንንስ ታዝዣለሁ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማንኩሳን ስናልፍ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪም ቤቱ ወንበር ላይ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ነርሷ ጣቴን ወጋችና ቁጥሩን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። ትምህርት ቤት ባልገባም፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደሉንም ቁጥሩንም ለይቻለሁ። አርባ ስምንት ይላል።

«ወረደልኝ!» አልኩ።

«እናቴ፣ እንዳይነሡ!» ብላ ሮጠች። በብርጭቆ የተበጠበጠ ነገር ይዛ መጣች።

«ይህ ስኳር አይደለም?»

«ነው። ይጠጡ።»

ራሷ የከለከለችኝን በእጇ አጠጣችኝ። መንቀጥቀጤ ሲተወኝ «መቼ ነው የበሉት?» አለችኝ።

«ከበላሁ ሁለት ቀን አልፎኛል። ለቀጠሮው ጾሜ ነው።»

«ለኔ ጾሙ? እኔ ታቦት ነኝ እንዴ?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጫማዬን አስወለቀችኝና የሳቀ ሰው ጠፋ። ቁስሏ ባቄላ አክላለች።

«የደምዎን ስኳር በሁለት ቀን ጾም አውርደውታል፤ ሊገድልዎትም ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቺ ግን የበሉትን ሁሉ ታውቃለች። በሦስት ሳምንት ካልጠበበች ባሕር ዳር እልክዎታለሁ።»

ባሕር ዳር ስትል ያቺ ደጃፏ ላይ የምትቀመጠው ሴት መጣችብኝ።

ሴቷ ልጄ ዘንድ መቅረት እችል ነበር። ያ ውሸት ግን ቡሬ ቀርቷል። በማግሥቱ ተመለስኩና ምራቴን አስቀምጬ ስእለት እንዳልነበረብኝ ነገርኳት።

«በእግዜር ስም ዋሹኝ?» አለች።

«ዋሸሁሽ።»

«ይህን ያህል ፈርተውኝ ነው?»

«አንቺን አይደለም፤ እንባሽን ነው።»

ጫማዬን አውልቄ አሳየኋት። ተንበርክካ እግሬን በሁለት እጇ ያዘችው።

ያቺ የአጥር ማዶዋ ጎረቤት ሌላ ቀን ብቅ ስትል ግማሽ የዳጉሳ እንጀራ በጎመን ቀርቦልኝ አገኘችኝ። «ውይ፣ ግማሽ ብቻ?» አለች።

ምራቴ ዞር ሳትል «አዎ፣ አስርቤያቸው ነው» አለች። «በሁለት እግራቸው እየመጡ አንቺን እንዲሰድቡልኝ።»

«ኧረ እቴ!» አለች ጎረቤቷ፤ ሳቋ ግን እንደ ድሮው ረጅም አልነበረም።

ሦስቱ ሳምንት ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶታል። ዓይኔ ስለደከመ ጠዋት ጠዋት ምራቴ በሩ ብርሃን ላይ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ታይልኛለች። «ምን ታህላለች?» እላታለሁ። «ባቄላ» ትላለች። ትናንትም ባቄላ ነበረች። ዛሬ ግን እግሬን ወደ ብርሃኑ አዞረችና «አተር የምታህል መሰለኝ» አለች።

ልቤ ደስ ሊለው ሲል ፈራ። ለኔ አዝና ትዋሸኝ ይሆን? ለሰው አዝኖ መዋሸትን ያሳየኋት እኔ ነኝ።

«እውነት በይኝ» አልኳት።

«እኔ ስእለት የለብኝም፣ እማዬ» አለችና እግሬን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።