ለፈቃድ ብዬ ያገኘኋት እናት

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከሚሴ ውስጥ ቤት ለማሠራት ድንጋይ፣ እንጨት፣ ቆርቆሮና እኔን ማወቅ ይበቃ ነበር። ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። ግንብ የተማርኩት የደሴን መንገድ ድልድዮች ከሚሠሩ ሰዎች ሥር ሆኜ ነው። እኔ የአገሩ ሙስሊም ነኝ፤ ሽርካዬ ደግሞ ከሸዋ መጥቶ ከሚሴ የከተመ ክርስቲያን ነጋዴ ነበር። እሱ ከአሠሪ ጋር ይዋዋላል፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያስመጣል፤ እኔ እገነባለሁ። እሱ የግድግዳ ማቅኛ ቱንቢ ቢሰጡት ሥጋ ሊመዝንበት ይችላል፣ እኔ ዋጋ ተከራከር ብትሉኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ተስማምተን እንኖር ነበር።

ያ ዘመን እስካሁን ይናፍቀኛል። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲያሸት ሲሚንቶ የጫነው መኪና በዚያ መሃል አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ ከግንቡ ላይ ሆኜ አየው ነበር። ከቦርከና ወንዝ በአህያ የመጣ ውኃ፣ የረጠበ ድንጋይ ሽታ፣ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ የሠራተኛ ቀልድ። ደስተኛ መሆኔን ግን ያኔ አላወቅሁትም።

አንድ ቀን ከሚሴ ላይ ክሊኒክ ሊሠራ ነው ተባለ። ሽርካዬ ሥራውን ለመያዝ ደሴ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከእንግዲህ የመንግሥት ሥራ የሚሰጠው ፈቃድ ላለው ተቋራጭ ብቻ ነው አለኝ። ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ሙያው በፈተና የተመሰከረለት ሰው ከተቋራጩ ጋር ካለ ነው፤ ያ ሰው ጥሎ ከሄደ ፈቃዱም ይሄዳል። ይህን ተናግሮ ሲጨርስ፣ እንግዲህ የምትፈተነው አንተ ነህ አለኝ።

እምቢ ልል አልችልም ነበር። የግል ሥራ ቀዝቅዞ ብዙዎቹ ግንበኞች አሰብ ወደብ ወርደዋል፤ ክሊኒኩ ካመለጠን የእኔም ዕጣ ያው ነው። የአሰብ ሙቀት አላስፈራኝም። ያስፈራኝ እናቴን ትቼ መሄድ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም፣ እኔም ገና አላገባሁም፣ ዓይኗም ደክሟል።

ፈተናውን በመጀመሪያው ጊዜ ወደቅኩ። መሃንዲሱ ፕላን ዘርግቶ በሩ የት እንደሆነ ቢጠይቀኝ መስኮቱን አሳየሁት። ሰውየው አልተሳለቀብኝም፣ ተምረህ ተመለስ ብሎ አሰናበተኝ። የከሚሴ አንድ አስተማሪ ፕላን ማንበብ አሳየኝና በሁለተኛው አለፍኩ። ድልድይ ላይ አብረውኝ የሠሩ ሰዎችም የሥራ ዘመኔን መሰከሩልኝ።

የቀረው የመጨረሻው ነገር ነበር። ደሴ ላይ አንዳንዱ ባለሙያ የምስክር ወረቀቱን ለማያውቀው ነጋዴ ያከራይና ዞር ብሎም አያይም ነበር። ማንም ያልተቆጣጠረው ግድግዳ ተደርምሶ ሰው ስለተጎዳ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ሁሉንም ይጠረጥራል። እኔና ሽርካዬ በማይፈታ ነገር ለመተሳሰራችን ማረጋገጫ አምጡ አለን። ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሆነ አልጠየቅነውም። ቢሮ ውስጥ ሹምን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ድፍረት ይመስለን ነበርና እጅ ነስተን ወጣን።

መላውን ያመጡት የሽርካዬ እናት ናቸው። የጡት ልጄ ላድርገው፣ ወንድማማች ከሆኑ ማን ይለያቸዋል አሉ። በአገራችን አማራውም ኦሮሞውም የሚያውቀው ወግ ነው፤ ባዳው ሰው በሽማግሌ ፊት ከአሳዳጊው አውራ ጣት ላይ ማር ይጠባና ልጅ ይሆናል። ነገር ግን የወለደች እናት በሕይወት ካለች እሷ ሳትፈቅድ አይሆንም።

እናም ሴትዮዋ ራሳቸው እናቴን ሊያስፈቅዱ ቤታችን መጡ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። በኋላ ወደ እኔ ዞራ አሰብ ስንት ቀን ያስኬዳል ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። በመኪናም ቢሆን ሩቅ ነው አልኳት።

ከዚያ ሴትዮዋን፣ «ያለኝ አንድ ነው፤ ለሁለት ሴት አይበቃም» አለቻቸው።

እናቴ መቁጠሪያዋን ስታንከባልል ቆየችና፣ «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ አሰብ ከሚወስድብኝ አንቺ ውሰጂብኝ። ካንቺ ቤት ሆኖ ብጠራው ይሰማኛል» አለች።

ጺሜን ያጎፈርኩ ሰውዬ በሽማግሌዎች ፊት ተንበርክኬ ማር ጠባሁ። ማሩ ጺሜ ላይ ተንጠባጥቦ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሊመርቁ የመጡት የሰፈራችን ሸኽ ይሄ ውርስ የለውም፣ ጉርብትናን ማጥበቅ ግን ኸይር ነው ብለው ዱዓ አደረጉ። ከዚያን ቀን ወዲያ የሽርካዬን እናት እንደ ልጅ አንቺ እላት ጀመር። እናቴ ግን ከማሩ ቅመሺ ቢሏት አልቀመሰችም።

ሽማግሌዎቹን ይዘን ደሴ ወጣን። ሹሙ ተራ በተራ ሲመሰክሩ እስከ መጨረሻው በአክብሮት ሰማቸው። ከዚያ ፈገግ ብሎ የጠየቀው ተራ የሽርክና ውል እንደነበር ነገረን። ከቢሮው በር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ ውሉን እዚያው ጻፈልን፣ ፈረምን፣ ማኅተም ተመታበት፣ ፈቃዱን ይዘን ወጣን። ሽርካዬ በደስታ የሚያደርገውን አጣ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ እናቴን ያን ያህል ያስጨነቅኳት በከንቱ ነው ለካ።

ቤት እንደገባሁ ሳልቀመጥ ነገርኳት። የማሩ ነገር ጭራሽ አያስፈልግም ነበር፣ ወረቀት ይበቃ ነበር፣ ያንቺ ብቻ ነኝ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«የደሴ ሰዎች ያቺን ሴትዮ ላይፈልጓት ይችላሉ» አለችኝ። «እኔ ግን ፈለግኋት፣ ልጄ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ አሰብ ብቻ መሰለህ? እኔ ስሞት ማን እንዳለህ ነው ያሰብኩት።»

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የክሊኒኩ ጣሪያ ቆርቆሮ ሳይለብስ እናቴ ሞተች። ቀብረናት ስንመለስ የሽርካዬ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሙስሊሞቹ ሴቶች መሃል ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው እየመጣ ልጅሽን አላህ ያጽናው ሲላት አሜን ትላለች። ሰዉ ተበታትኖ ሲያልቅ፣ ሽርካዬ እንሂድ ቢላትም አልተነሳችም።