ከጣራው የተመዘዘ ሣር

ትናንት ከሚሴ አጠገብ በጨፋ ሳልፍ ዝናብ የመታው የሣር ክዳን ሸተተኝ፤ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ የምማርበትን የክርስቲያን ትምህርት ቤት ጣራ የሚከድኑት ወላጆች ነበሩ። እስላሙም ክርስቲያኑም የድርሻውን ሣር ያመጣል። አባቴ ሰንበቴ ገበያ ሲሄድ «የደረሰውን ብቻ እጨድ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ለጨዋታ ቸኩዬ ከቅርቡ ያልደረሰውን አጨድኩ፤ ላዩን በደህናው ሸፍኜ አስረከብኩ።

ክረምት ሲገባ በእኛ ድርሻ በኩል ዝናቡ ተማሪዎቹ ላይ ወረደ። ወላጆች ተሰበሰቡ።

«አንተ ይመር፣ ያመጣኸው ሣር ነው ወንፊት?» አለው አባቴን አንዱ ጎረቤታችን። ሁሉም ሳቁ።

አባቴ ከጣራው አንድ እፍኝ መዝዞ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ኢንሻ አላህ ነገ እለውጠዋለሁ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ «ነገ ማጭዱን አንተ ትስላለህ» ከማለት በቀር አልተናገረኝም። እኔም ጥፋቴን ሳልነግረው ሞተ።

ልጆቼን ግን ስለ ውሸት ስንት ጊዜ ገርፌአለሁ! ዛሬ ጠዋትም ትንሹ ልጄ ዋሽቶኝ ፊቴ ቆመ። አለንጋዬን አነሣሁ፤ መልሼ ሰቀልኩት። ልጁ የምለውን ይጠብቃል፤ አጠገቤ አስቀምጬ ስለዚያ ሣር ነገርኩት።