ወደ ተዘጋው ክፍል የዞሩት ቅጠሎች

በዚያ እሑድ ቡሬ ባለው ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የቤቱ እናት። ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው ሴት ልጃቸው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት፣ ስገባ በር ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ የነበሩት ጎረቤት። ከቅዳሴ መልስ ጎራ ያሉት የንስሐ አባታቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ከአስፋልቱ ዳር ችግኝ አፈላለሁ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

የተጠራሁት ለአንድ አበባ ነበር። እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ተክል ሁሉ፣ ባያብብም አበባ ነው። ይኼኛው ሞንስቴራ የሚሉት ነው፤ ሙቀትና ዝናብ ከሚበዛበት ሩቅ ጫካ የመጣ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግ፣ ሲደላው ሰፊ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የሚሰነጣጠቅ። ያመጣው የእናትየዋ ወንድ ልጅ ነው፣ ባሕር ዳር ይማር በነበረ ጊዜ። ልጁ ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። አርባው በወጣ ማግስት እናትየዋ ክፍሉን ቆልፈው አበባውን ሳሎን አወጡት፤ ዓይናቸው እንዲያርፍበት። ከዚያ ወዲህ መክሳት ጀመረ።

«ይኼ ከሞተ እሱን ሁለተኛ መቅበሬ ነው» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድሁ። ጭቃ ነው፤ የረጋ ኩሬ ይሸታል። በስንት ቀኑ እንደሚያጠጡት ጠየቅኋቸው።

«በየማለዳው። ተራ ውሃ እንዳይመስልህ ልጄ፤ ጠበል ነው። ከግሽ ዓባይ የመጣ።»

ብርሃን ያጣ ተክል ውሃውን አይጨርሰውም፤ ሥሩ ሰጥሞ ይበሰብሳል። ይህን ስለ ጠበል፣ ያውም ቄስ ፊት፣ እንዴት ብዬ እንደምናገር ሳስብ ቄሱ ራሳቸው ገላገሉኝ።

«እንዴ! ይኼ መቼ ክርስትና ተነሣ?»

ጎረቤቷ ሳቁ። «ምን ያድርግ አባቴ፣ ክርስትና አባት አጥቶ ነው እንጂ!»

«ክርስትና አባትማ» አሉ ቄሱ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ይኼ ልጅ ይሁነው። እትዬ፣ ቅጠሉን አንድ ጊዜ ይርጩትና ይተዉት፤ ለሰው የመጣውን ለአፈር አያፍስሱ።»

እናትየዋ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ።

ቀጥዬ ብርሃኑን ለካሁ። መሣሪያ የለኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት ተክሉ ያለበት ቦታ አነጥፍና፣ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እጄን እዘረጋበታለሁ። የጣቶቼ ጥላ ጠርቶ ከወጣ ፀሐዩ እንዲህ ላለው ተክል ይበዛል፤ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ጠርዙ ደብዝዞ ጣቶቼ ግን አንድ በአንድ ከታዩ ልክ ነው። ጥላ ከሌለ ተክሉ እየተራበ ነው። ተክሉ ባለበት ጥግ፣ በቴሌቪዥኑና በተቆለፈው በር መካከል፣ ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም። እጄን ያልዘረጋሁ ያህል።

ያን ጊዜ ነው ቅጠሎቹን ያስተዋልሁ። ቅጠል ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል፤ ይህ ተአምር አይደለም። የሳሎኑ መስኮት አንድ ነው፤ እሱንም በረንዳው ጋርዶታል። ሦስቱ የቆዩ ቅጠሎች ወደዚያ ያያሉ። አዲሶቹ አራት (አምስትም ይሆናሉ፣ አለመቁጠሬ ዛሬም ይቆጨኛል) ለመስኮቱ ጀርባ ሰጥተው ወደ ተቆለፈው በር ዞረዋል። አገዳው ቀጥኖና ረዝሞ ወደዚያው ተስቧል። የጫፉ ቅጠል በሩን ሊነካ አራት ጣት ያህል ቀርቶታል።

«ሦስት ጊዜ አዙሬዋለሁ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ሰንበትበት ብሎ ይመለሳል። ለእማዬ አልነገርኋትም።»

«እሱን እኮ ነው የሚሻው» አሉ ጎረቤቷ። ሽንኩርቱን ትተውት ነበር።

«ኧረ ዝም በይ አንቺ!» አሉ ቄሱ። አሁን ማንም አልሳቀ።

ከበሩ ወዲያ ብርሃን አለ አልሁ። ሌላ ምክንያት አላውቅም።

«የለም» አሉ እናትየዋ። «መስኮቱ ላሜራ ነው። በእጄ ዘግቼ፣ በእጄ ቀርቅሬ ነው የወጣሁ። ቁልፉ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ በበሩ ሥር አየሁ። በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል ክር የምታህል ነጭ ብርሃን ነበረች። ጉንጬን ቀዝቃዛ አየር ነካው፤ የእርጥብ በቆሎ ሽታ ነበረው። ተነሥቼ ያየሁትን ነገርኋቸው። ይከፈት ለማለት አልደፈርሁም። ሳሎን ከቆየ እንደማይተርፍ ብቻ ተናገርሁ።

እናትየዋ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ከዚያ ቁልፉን ከማተባቸው ላይ ፈቱ።

በሩ ሲከፈት ማንም ቶሎ አልገባም። አልጋው ተነጥፏል። ጫማዎቹ ከሥሩ ተደርድረዋል። ወለሉን ወፍራም አቧራ ሸፍኖታል፤ የእግር ምልክት አላየሁበትም። የመስኮቱ አንድ ክንፍ ግን ወደ ውስጥ ክንድ ያህል ተከፍቷል፤ ባሻገር የጓሮው በቆሎ ይታያል። ጣሪያው ረዝሞ ስለሚወጣ ዝናብ አልገባም። መቀርቀሪያው ከላይ ወደ ታች ሲሚንቶ ውስጥ የሚወድቅ ብረት ነው፤ ነፋስ አያነሣውም። ተነሥቶ፣ ወደ ጎን ተጠምዝዞ፣ ማረፊያው ላይ ተቀምጧል። ከውጭ ያለው ፍርግርግ ደግሞ ጠባብ ነው፤ እጅ አያሾልክም።

ጎረቤቷ አማተቡ። ቄሱ በከንፈራቸው መጸለይ ጀመሩ። ቀድመው የገቡት እናትየዋ ናቸው።

«እዚህ ቢቀመጥ ይተርፋል?»

ወረቀቴን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ተኩል ርቄ አነጠፍሁ። ጣቶቼ ደብዘዝ ብለው፣ አምስቱም ታዩ።

«ይተርፋል እትዬ። በሩና መስኮቱ ግን በየቀኑ መከፈት አለባቸው።»

«ማን ሊዘጋው?» አሉና ተክሉን እሳቸው ራሳቸው አቅፈው አስገቡት።

በጥቅምት ስመለስ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነበር፣ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ። እናትየዋ አጠገቡ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ስለ መስኮቱ አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

የጻፍሁት እኔ ያየሁትን ብቻ ነው። አብራችሁኝ የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። አንቺ የቤቱ ልጅ፣ ከኋላዬ ነበርሽ፤ መቀርቀሪያውን ማናችንም ሳንነካው ተነሥቶ አይተሽዋል? ጎረቤት፣ ጓሮው በእርስዎ በኩል ነው፤ ያ መስኮት ከመቼ ጀምሮ ክፍት ነበር? አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ መናኸሪያ ድረስ ሲሸኙኝ «አቧራው ላይ እኮ…» ብለው አቋርጠዋል። እባክዎ ይጨርሱልኝ። እናትየዋን ግን ማናችሁም አትጠይቁብኝ።