ጣሊያኑ «ቻይው» ያለኝ ቀን

የዚያን ቀን ደብረ ማርቆስ ዳር ካለው ቤታችን የነበርነው እኔ፣ አማቴ፣ የነፍስ አባታችን፣ ጡት የምትጠባው ልጄና እንቅብ ሥር የደበቅናት ዶሮ ነን። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ አንድ ወታደር እየመጣ እንቁላል ይጠይቀን ነበር።

አማቴ «ጉልበቱ እየጨመረ ለሚሄድ ሰው እንቁላሉን ስጪው፤ ዶሮዋን ግን አታሳዪው» ብለው መክረውኝ ነበር። እኔም እየፈራሁ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ተቀብሎ ሲወጣ «ቻው!» አለኝ።

«ቻይው» ያለኝ መሰለኝ፤ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው። ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቶ ነበርና መርዶ ነው ብዬ «ወየው ወንድሜን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። አማቴም ተከተሉኝ። ዶሮዋ እንቅቡን ገልብጣ ወጣች። ወታደሩ ደንግጦ እንቁላሉን መሬት አስቀመጠና ሮጠ።

የነፍስ አባታችን ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው፣ «ልጄ፣ ከተማ ስመላለስ ሰምቼዋለሁ። በነሱ አፍ ደኅና ሁኚ ማለት ነው» አሉኝ።

አማቴ እንባቸውን ጠረጉና እንቁላሉን ለቀሙ። «ነገም ሲመጣ አልቅሺ» አሉኝ።

ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አርበኞቹ በነበሩበት በጉንደ ወይን በኩል ሲያልፍ ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።